የበሰለ ቃል፣ ጥሬ ፍቺ፦ «ራን» (run) የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ቻይናውያን ተማሪዎችን ለምን ያስቸግራል?

አንድ ቻይናዊ ተማሪ የእንግሊዝኛ ምንባብ ከፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል እንበል። እርሳሱን ይዞ ከማያውቀው ቃል ሁሉ በላይ ፍቺውን በደቃቅ የቻይና ፊደል ይጽፋል። ምንባቡ ስለ አንድ አጎት ነው። አጎትየው በወደብ ከተማ ትንሽ ሆቴል ያስተዳድራል፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ አድሯል፤ እሱም ጉንፋን ይዞት ንፍጡ አላቆም ብሏል፤ ስኳር አልቆበታል፤ ያም ሆኖ በሚመጣው ዓመት ለከተማው ምክር ቤት ሊወዳደር አስቧል። በእንግሊዝኛው ምንባብ ውስጥ ማስተዳደሩም፣ የቧንቧው መፍሰስም፣ ንፍጡም፣ የስኳሩ ማለቅም፣ መወዳደሩም የተነገሩት በአንድ ግስ ነው፤ እሱም «ራን» ነው። ተማሪው ይህን ቃል ገና ልጅ ሳለ ተምሮታል፤ ፍቺውም በቻይንኛ «ፓኦ»፣ ማለትም ሮጠ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ በአምስቱም ቦታ እርሳሱን አያነሳም። ጽሑፉን ጨርሶ ጥያቄዎቹን መመለስ ሲጀምር ግን ሆቴል የሚሮጥ አጎትና የሚሮጥ ስኳር ተደባልቀውበት፣ ያላወቀው ቃል የትኛው እንደነበረ እንኳ መለየት ያቅተዋል።

ለዚህ ችግር ቻይናውያን መምህራን ጥሩ ስም አላቸው፤ «ሹ ጽ ሸንግ ዪ» ይሉታል። የለመዱት ቃል፣ ያልለመዱት ፍቺ ማለት ነው። ይሁንና «ሹ» የሚለው ፊደል የተለመደን ብቻ ሳይሆን የበሰለንም ነገር ይገልጻል፤ «ሸንግ» ደግሞ እንግዳም ጥሬም ማለት ነው። ስለዚህ አገላለጹን «የበሰለ ቃል፣ ጥሬ ፍቺ» ብለን ብንመልሰው አንሳሳትም፤ ብስልን ከጥሬ መለየት ለሚለው የእኛ አነጋገርም ቅርብ ነው። ጥሬ ቃል ያጋጠመው ተማሪ ቃሉን አለማወቁን ያውቃልና መዝገበ ቃላት ይገልጣል። የበሰለው ቃል ጥሬ ፍቺ ይዞ ሲመጣ ግን የሚያስጠነቅቀው ምልክት የለም። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ቀላል የትምህርት ጉዳይ አይደለም። በቻይና እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ የተወሰነው በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ጋኦካኦ በተባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በአብዛኞቹ ክፍለ ሀገራት ከ750 ነጥብ 150ው የእንግሊዝኛ ነው። ይህ ከቻይንኛውና ከሒሳቡ እኩል ነው። የፈተናው አዘጋጆች የበሰሉ ቃላትን ጥሬ ፍቺ ሆን ብለው በምንባቡ ውስጥ ስለሚያስገቡም፣ መምህራን ለዚሁ ብቻ የተለየ የልምምድ ወረቀት ያዘጋጃሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ግን ከፈተናው በፊት፣ ቃላት ከሚጠኑበት መንገድ ነው። ተማሪው የሚያጠናው መጽሐፍ በአንድ ወገን የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በሌላው ወገን የቻይንኛውን ፍቺ በረድፍ ይደረድራል። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ስለሚሄድ ከመጀመሪያዎቹ ቃላት አንዱ «አባንደን» ነው፤ ትርጉሙ ትቶ ሄደ፣ ተስፋ ቆረጠ ማለት ሲሆን፣ መጽሐፉን ደጋግመው ከመጀመሪያው ገጽ የጀመሩ ቻይናውያን ሁሉ ይህን ቃል ከሌሎቹ አብልጠው ያውቁታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቃል የረድፍ ጥናት ይሠራል። ረጅም፣ ከላቲን ወይም ከፈረንሳይኛ የመጣና ጠባብ ፍቺ ያለው ቃል አንድ የቻይንኛ አቻ ቢሰጠው ብዙም አይጎድልበትም። «ራን»ን በዚያው ረድፍ ውስጥ አስገብቶ ከጎኑ «ፓኦ» ብሎ መጻፍ ግን ከትልቅ ቤት አንዱን መስኮት አሳይቶ ቤቱ ይህ ነው እንደማለት ነው።

የቤቱን ስፋት ለመገመት የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትን መመልከት ይበቃል። በ1989 በታተመው ሁለተኛ እትም ረጅሙን ቦታ የያዘው «ሴት» (set) የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ነበር፤ ከ400 በላይ ፍቺ ተቆጥሮለት ነበር። ለሦስተኛው እትም ሥራው ሲቀጥል ግን «ራን» ቀደመው፤ በ2011 ይፋ እንደሆነው ለግሱ ብቻ 645 ፍቺዎች ተለይተዋል። ከመዝገበ ቃላቱ አዘጋጆች አንዱ የሆነው ፒተር ጊሊቨር ይህን አንድ ቃል ለመጨረስ ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። እርግጥ ነው፣ ይህ ቁጥር በአዘጋጁ አከፋፈል ላይም ይመረኮዛል፤ አንዱ እንደ ሁለት የሚቆጥረውን ሌላው አንድ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። ተማሪም 645ቱን መያዝ አይጠበቅበትም፤ እንግሊዛውያንም አብዛኛውን ቆጥረው አያውቁትም።

አንድ ቃል እንዲህ የሚሰፋው ለምንድን ነው? አሜሪካዊው ምሁር ጆርጅ ዚፍ በ1945 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው አንድ ቃል በብዛት በተነገረ ቁጥር የፍቺው ብዛትም ይጨምራል። ይህ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ እኛም ክራር እንመታለን፣ እስክስታ እንመታለን፣ እንቁላል እንመታለን፤ ሰው ፀሐይ ይመታዋል፣ አገር ድርቅ ይመታዋል፣ ዕቅድም ግቡን ይመታል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሁሉ ሲናገር ስድስት ፍቺ እያቀያየረ እንደሆነ አይሰማውም። ቋንቋው ለእያንዳንዱ አዲስ ጉዳይ አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ በእጁ ያለውን አጭር ቃል ይዘረጋል፤ አጭሩ ቃል ደግሞ በብዙ ሰው አፍ ስለሚመላለስ የበለጠ ይዘረጋል።

«ራን» የተዘረጋበትን መንገድ ማወቅ ለተማሪው እውነተኛ እገዛ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃሉ ከጥንት ጀርመናዊ ቋንቋዎች የወረደ ሲሆን፣ በዛሬው ጀርመንኛ ሁለት ዘመዶች አሉት፤ አንዱ በእግር መሮጥን፣ ሌላው የውኃን መፍሰስ ይገልጻል። ስለዚህ ወንዝ «ራን» ያደርጋል ሲባል ወንዙ እግር እንዳለው ሰው ተመስሎ አይደለም፤ መፍሰስ ለቃሉ እንደ መሮጥ ሁሉ የቆየ ፍቺው ነው። ወፍጮና የእንፋሎት ሞተር ሲስፋፉ ማሽንም ተራውን ጠብቆ ወደ ቃሉ ገባ፤ ሳያቋርጥ የሚሽከረከር መሣሪያ «ይሮጣል» ተባለ። ለምርጫ መወዳደርና ድርጅት ማስተዳደር የሚሉት ፍቺዎች ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ ተስፋፉ። ለምርጫ የሚቀርብ ሰው በአሜሪካ አነጋገር ሲሮጥ በብሪታንያ አነጋገር ግን ይቆማል፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ወንበሩን ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚታየው ሥዕል አንድ ነው፤ በራሱ መንገድ ሳይቆም የሚቀጥል እንቅስቃሴ። እግር በመንገድ፣ ውኃ በቦይ፣ አውቶቡስ በመስመሩ፣ ቴአትር ለሁለት ዓመት በመድረክ፣ ውል እስከ ማብቂያ ቀኑ፣ በሽታ ከአባት ወደ ልጅ በዘር መስመር ይቀጥላል።

ድርጅት «መሮጡ» ለአማርኛ ተናጋሪ ከሌሎቹ ይልቅ ቅርብ ነው፤ እኛም ሥራን እናስኬዳለንና። «ሥራ አስኪያጅ» ሥራው እንዲሄድ የሚያደርግ ሰው ነው፤ «የሥራ ማስኬጃ በጀት» ስንልም መሥሪያ ቤቱ እንዲራመድ የሚያደርገውን ገንዘብ ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው ያስሮጣል፣ አማርኛው ያራምዳል፤ ሥዕሉ ግን አንድ ነው።

ቻይንኛስ? እዚህ ላይ ነው የተማሪው ችግር ሥሩ የሚገኘው። ዘመናዊው ቻይንኛ ለአብዛኛው ሐሳብ ሁለት ፊደል አጣምሮ ፍቺው የጠራ ቃል ያበጃል። ለምርጫ መወዳደር «ጂንግሽዌን» ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል መፎካከርን፣ ሁለተኛው መምረጥን ስለሚያመለክት ቃሉ ራሱን ያብራራል። ድርጅት ማስተዳደር «ጂንግዪንግ» ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል በጥንት አመጣጡ የሸማኔን ድር ያመለክታል። ኮምፒውተር ወይም ማሽን ሲሠራ «ዩንሺንግ» ይባላል፤ «ሺንግ» መሄድ ስለሆነ በዚህ ቃል ውስጥ ቻይንኛም እንደ አማርኛው ያራምዳል። የቧንቧ ውኃ በእንግሊዝኛ «የሚሮጥ ውኃ» ሲሆን በቻይንኛ «ዝላይሽዌይ»፣ ማለትም በራሱ የሚመጣ ውኃ ነው። ወንዝና ንፍጥ «ሊዩ» በሚለው የመፍሰስ ግስ ይነገራሉ፤ ትኩሳት ደግሞ «ፋሻኦ» የሚል የራሱ ቃል አለው። ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው እነዚህን ሁሉ በየሳጥናቸው አስቀምጦ ነው ወደ እንግሊዝኛ ክፍል የሚገባው፤ ስለዚህ ሰባት ሳጥን በአንድ ክዳን ሲከደን ቢያየው ግራ ቢገባው አይገርምም።

ይሁን እንጂ ቻይንኛም የራሱ «ራን» አለው፤ እንዲያውም ከእንግሊዝኛው የሚያንስ አይደለም። «ዳ» የሚባለው ግስ መነሻው መታ ማለት ነው። ቻይናዊ ግን ስልክ ሲደውል «ዳ» ይላል፣ ኳስ ሲጫወት «ዳ»፣ ታክሲ ሲይዝ «ዳ»፣ ጃንጥላ ሲዘረጋ «ዳ»፣ መርፌ ሲወጋ «ዳ»፣ ሹራብ ሲሠራ «ዳ»፣ ሲያስነጥሰውም «ዳ» ነው። የነገሩ ዕድሜ ደግሞ አስደናቂ ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረው ኦውያንግ ሺዩ፣ ከ1007 እስከ 1072 የኖረ ታላቅ ጸሐፊና የመንግሥት ሹም፣ በዚህ ቃል ላይ በጽሑፍ አማሯል። ሰው ሲደባደብ ወይም አንጥረኛ ብርና ወርቅ ሲቀጠቅጥ «ዳ» ቢባል ያስኬዳል፤ መዶሻና ምት አለበትና። ግን ጀልባ መሥራት፣ ዓሣ በመረብ ማጥመድ፣ ውኃ መቅዳት፣ ለወታደር ልብስና ቀለብ መስጠት፣ ጃንጥላ መያዝ፣ መሬት መለካት እንዴት ሁሉም «ዳ» ይባላሉ? ታላላቅ ሊቃውንት እንኳ እንዲሁ መናገራቸው አስጨንቆታል። ወደ 1,000 ዓመት ገደማ አለፈ፤ ቻይናውያን ዛሬም ጃንጥላቸውን «ዳ» ያደርጋሉ።

ይህን ለተማሪው ማስታወስ ከብዙ የልምምድ ወረቀት ይበልጣል። «ዳ» ስንት ፍቺ አለው ብሎ ተማሪውን የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱም አንድም ቀን በረድፍ አላጠናውም። ጃንጥላ የሚለውን ስም ሲሰማ «ዳ» መዘርጋት፣ ስልክ ሲሰማ መደወል እንደሆነ ያውቃል። ፍቺውን የሚወስነው ግሱ ብቻውን አይደለም፤ አብሮት ያለው ስም ነው። በእንግሊዝኛም ሕጉ ይኸው ነው። ከ«ራን» በፊት የተቀመጠው እግር ያለው ፍጡር ከሆነና ከኋላው ተሳቢ ከሌለ መሮጥ ነው፤ የተቀመጠው ፈሳሽ ከሆነ መፍሰስ ነው፤ ማሽን ወይም አውቶቡስ ከሆነ መሥራት ወይም መመላለስ ነው፤ ውል ወይም ቴአትር ከሆነ መዝለቅ ነው። ከኋላው ተሳቢ ከመጣ ደግሞ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት ወይም አገር ሲሆን ማስተዳደር ይሆናል፤ ሙከራ ወይም ፕሮግራም ሲሆን ማካሄድ፤ ጋዜጣ ጽሑፍን «ራን» ካደረገ ማውጣት። ስለዚህ ተማሪው በማስታወሻው ላይ ቃሉን ብቻውን ጽፎ ከጎኑ 20 ፍቺ ከሚደረድር ይልቅ «ሆቴል ራን ማድረግ»፣ «ቧንቧው ራን ሲያደርግ» እያለ ከነጓደኛው ቢጽፈው በጥቂት ወር ውስጥ ልዩነቱን ያየዋል።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበት ቦታም ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። «ፓኦ» በቻይንኛ በእግር ከመሮጥ ያልፋል። ከርዕስ የወጣ ሰው ርዕስ «ሮጠበት» ይባላል፤ ጎማ ሲተነፍስ አየሩ «ሮጠ» ይላሉ፤ ሰው ተልኮ ጉዳይ ሲፈጽም «ፓኦትዌይ»፣ እግር ማስሮጥ ይባላል። ይህ የመጨረሻው ከእንግሊዝኛው ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም፤ በእንግሊዝኛም ተላልኮ ጉዳይ መፈጸም በ«ራን» ነው የሚነገረው። በቅርብ ዘመን ደግሞ የቻይና ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን «ፓኦ» ማድረግ ጀምረዋል፤ የእንግሊዝኛው ፍቺ ወደ ቻይንኛው ቃል ተሻግሯል ማለት ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን «ሩን» የተባለው ፊደል ነው። ትርጉሙ ርጥብ፣ ለስላሳ ማለት ሲሆን ትርፍ በሚለው ቃል ውስጥም ይገኛል። ቻይና በ1958 ባጸደቀችው የላቲን አጻጻፍ መሠረት ይህ ፊደል ሲጻፍ ከእንግሊዝኛው «ራን» ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሆናል። ወጣቶች ይህን ተጠቅመው ከአገር ወጥቶ ሌላ አገር መኖርን «ሩን» ማለት ጀመሩ፤ በ2022 ሻንግሃይ በኮቪድ ምክንያት ስትዘጋ አነጋገሩ በሰፊው ተሰማ፤ ስለ መሰደጃ መንገዶች መመካከርም «ሩን ሹዌ»፣ የሩን ትምህርት ተባለ። የተማሪው የእርሳስ ማስታወሻ የማያውቀው ፍቺ በሕዝብ አፍ ተወልዶ ነበር።

አሁን ስለ ጽሑፍ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቻይናውያን ተማሪዎች የ«ራን»ን ፍቺዎች አንብበው ቢረዱም ራሳቸው ሲጽፉ ይሸሹታል። ሆቴሉን «ማኔጅ» ያደርጋል፣ ማሽኑን «ኦፐሬት» ያደርጋል ይላሉ፤ ትናንሽ ግስና መስተዋድድ ተጣምረው የሚሰጧቸውን አገላለጾች፣ ለምሳሌ ስኳር አለቀብኝ የሚባልበትን «ራን አውት»፣ በመንገድ አንድ ሰው አገኘሁ የሚባልበትን «ራን ኢንቱ» ያሉትን፣ መካከለኛ ደረጃ ያላቸው ተማሪዎች እንደሚርቋቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው። ረጅሙ የላቲን ቃል እንደ ሁለት ፊደሉ የቻይንኛ ቃል ጠባብና የጠራ ፍቺ ስላለው ይታመናል፤ «ማኔጅ» ማለት «ጓንሊ» ነው፣ አለቀ። ውጤቱ ግን ስለ ቤተሰብ እራት የተጻፈ ደብዳቤ እንደ መሥሪያ ቤት ሪፖርት መምሰሉ ነው። ይህን በተማሪው ላይ እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ እንዲያምነው የተማረውን ነው ያመነው። አጫጭሮቹን ቃላት እንዲያምን ደግሞ አጫጭሮቹ በብዛት የሚገኙባቸውን የዕለት ተዕለት ንግግሮችና ቀላል ታሪኮች በብዛት ማንበብና መስማት አለበት፤ የፈተና ምንባብ ብቻ አይበቃውም።

የመነሻው ሥዕል ሁሉን ነገር እንደማይፈታም መናገር አለብኝ። ትኩሳት «ራን» ይደረጋል፤ ለምን እንደሆነ ከመንገድና ከእንቅስቃሴ ተነስቶ ማስረዳት ይቻል ይሆናል፣ ግን ተማሪ በዚያ ማስረጃ ተመርቶ ቃሉን በራሱ ሊያገኘው አይችልም። ደንበኞች ተደናግጠው ገንዘባቸውን ለማውጣት ባንክ ሲያጨናንቁ እንግሊዝኛ በባንኩ ላይ «ራን» ሆነ ይላል፤ ሰው ወደ በሩ ሲሮጥ የታየበት ሥዕል ነው። ቻይንኛው «ጂድዌይ» ሲሆን ሥዕሉ ከሰልፉ መሐል ነው የተነሳው፤ «ጂ» መጋፋትና መጨናነቅ፣ «ድዌይ» መመንዘር ማለት ነው። አንዱ ሰዎቹን ገና በመንገድ ላይ ያያቸዋል፣ ሌላው መስኮቱ ሥር ሲጋፉ። የሴት ካልሲ ተተልትሎ ወደ ታች ሲወርድም በአሜሪካ «ራን» ይባላል፤ በብሪታንያ ግን መሰላል ነው። እነዚህን ተማሪው እንደ ሰው ስም ከነአካባቢያቸው፣ አንድ በአንድ ይለምዳቸዋል።